የኑሮ ሁኔታ፣ ጸጥታና የጎረቤት አገሮች ዕድገት በአፍሪካ ቀንድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ አፍሪካ ቀንድ ጸጥታ ሲነሳ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ በሠራዊት፣ በድንበርና በመሪዎች ጠባይ ላይ ያተኩራል። ይህ ገጽ ጉዳዩን በሌላ በኩል ይመለከተዋል፤ የዳቦ ዋጋ፣ የወታደር ደመወዝ፣ የወደብ አገልግሎት፣ የዝናብ መቅረትና የውጭ ምንዛሬ እጥረት የሕዝቦችን አብሮ መኖር እንዴት እንደሚነኩ፣ አንባብያን ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች መነሻ በማድረግ ያብራራል። «ዓ.ም.» የተባሉት ዓመታት በኢትዮጵያ፣ «እ.ኤ.አ.» የተባሉት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ድሃ አገር ሁሉ ለጦርነት የተጋለጠ ነው ማለት ይቻላል?

አይቻልም። የእርስ በርስ ጦርነት ከበለጸጉት ይልቅ በድሃ አገሮች መብዛቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ማላዊና ዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ1964 ነጻነታቸውን ካገኙ ወዲህ ከድህነት ባይላቀቁም የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ አልገቡም፤ በአንጻሩ ሊቢያ እ.ኤ.አ. በ2011 ስትናጥ በነፍስ ወከፍ ገቢ ከአፍሪካ ቀዳሚዎች አንዷ ነበረች።

ስለዚህ የገቢው ማነስ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። የበለጠ የሚናገረው ኑሮ በምን ፍጥነት እንደወረደ፣ የመውረዱ ሸክም በማን ጫንቃ ላይ እንደወደቀና የተጎዳው ሰው ሠርቶ፣ ነግዶ ወይም ተሰድዶ ነገውን ማሻሻል የሚችልበት በር እንዳለው ነው። ዕድሜውን ሙሉ በአነስተኛ ገቢ የኖረ ገበሬ ከችግሩ ጋር የሚኖርበትን ብልሃት ያውቃል፤ ትናንት ይበቃው የነበረ ደመወዝ ዛሬ ከወሩ አጋማሽ የማያልፍለት ሰው ግን የጎደለበትን የሚለካው ከራሱ ከትናንቱ ጋር ነው። የጎረቤት ብሔር ወይም የጎረቤት አገር እያገኘ እኔ ተነፈግሁ የሚል ስሜት ሲጨመርበት ደግሞ ጥያቄው ከኑሮ አልፎ የክብር ይሆናል፤ የክብር ጥያቄ የሆነ ነገር በገንዘብ ብቻ አይበርድም።

የኑሮ ውድነት መንግሥትን እስከ መጣል የሚያደርሰው እንዴት ነው?

ለዚህ ጥያቄ የ1966 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ጥሩ መልስ ትሰጣለች። በጥር ወር በነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር ወታደሮች በሚቀርብላቸው ምግብ መበላሸትና በመጠጥ ውኃ እጦት ተማርረው አዛዦቻቸውን ያዙ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በተካሄደው የዐረቦችና የእስራኤል ጦርነት ሳቢያ የዓለም የነዳጅ ዋጋ አሻቅቦ ስለነበር አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ተወደደ፤ የታክሲ ነጂዎችም የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ። በዚያው ዕለት መምህራን የደመወዝ ጥያቄ በማንሳትና «ሴክተር ሪቪው» ተብሎ የሚታወቀውን የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ በመቃወም አድማ መቱ። መንግሥት የነዳጁን ዋጋ ቀነሰ፣ ለወታደሩም ደመወዝ ጨመረ፤ ነገር ግን የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በዚያው ወር ሥልጣኑን ለቀቀ፣ ንጉሠ ነገሥቱም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ የሚሰብር አንድ ነገር አለ። በዚያው ዘመን ወሎ ውስጥ እጅግ ብዙ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር፤ የረሃቡ መደበቅም በኋላ ለሥርዓቱ መወገዝ ዋና ምክንያት ሆኗል። ሆኖም ሥርዓቱን ያናወጠው የተራበው የወሎ ገበሬ አልነበረም፤ ወታደሩ፣ መምህሩ፣ ተማሪውና የታክሲ ነጂው ነበሩ። ገበሬው ድምፁ የሚሰማበት መንገድ ስላልነበረው በየመንገዱ ዳር ወድቆ ቀረ። ከዚህ በመነሳት ይመስለኛል ከዚያ ወዲህ የመጡ መንግሥታት ከሁሉ አስቀድመው የከተማውንና የሠራዊቱን ቀለብ ለማረጋገጥ የሚጥሩት። ደርግ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትን አቋቁሞ ገበሬው እህሉን በተወሰነ ኮታና ከገበያ በታች በሆነ ዋጋ እንዲያስረክብ አስገደደ፤ የከተማው ዳቦ ረከሰ፣ የገጠሩ ቅሬታ ግን ከረረ፤ የትጥቅ ትግሉ የተስፋፋውም በገጠር ነው። ኮታው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ተነሳ፤ ሥርዓቱ የወደቀው ከአንድ ዓመት ጥቂት ዘለግ ካለ ጊዜ በኋላ ነበር። የከተማን ጸጥታ በገጠር ኪሳራ መግዛት ችግሩን ቦታ ያስቀይረዋል እንጂ አያስወግደውም።

ሱዳን በተፈጥሮ ሀብት የታደለች ሆና ሳለ ለምን ወደ ጦርነት ገባች?

ሱዳን ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ የምናይባት አገር ናት። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 2011 ስትገነጠል ካርቱም ከነዳጅ ምርቷ ሦስት አራተኛ ያህሉን አጣች። መንግሥት ከዚያ በፊት ደጋፊዎቹን የሚያበላው፣ ዳቦና ነዳጅ የሚደጉመው በዚያ ገንዘብ ነበር። ገንዘቡ ሲደርቅ ድጎማው ተሸረሸረ፣ የሱዳን ፓውንድ ወደቀ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 በአትባራ ከተማ የዳቦ ዋጋ ሦስት እጥፍ መሆኑ የቀሰቀሰው ተቃውሞ አገሩን አዳርሶ ሚያዝያ 11 ቀን 2019 ዑመር አል በሽርን ከሥልጣን አስወገደ።

እዚህ ድረስ ታሪኩ የ1966ቱን ይመስላል። ልዩነቱ ከነዳጁ በኋላ በመጣው ወርቅ ላይ ነው። የነዳጅ ገቢ በቧንቧና በወደብ በኩል ስለሚያልፍ ማዕከላዊው መንግሥት ይቆጣጠረዋል፤ በባህላዊ መንገድ የሚቆፈር ወርቅ ግን ቦታውን በጦር ኃይል የያዘ ሰው ይወስደዋል፣ በትንሽ ጭነትም ከአገር ያወጣዋል። በሰሜን ዳርፉር ጀበል ዓሚር የሚባለው አካባቢ ወርቅ እ.ኤ.አ. በ2012 ከተገኘ በኋላ በ2013 በአካባቢው ጎሣዎች መካከል ደም አፋሰሰ፤ በ2017 መገባደጃ ደግሞ ፈጥኖ ደራሽ ኃይል (አር.ኤስ.ኤፍ.) በተባለው የታጠቀ ቡድን እጅ ገባ። በዚህም አንድ የታጠቀ ኃይል ከመንግሥት በጀት ውጭ ራሱን የሚችልበት ገቢ አገኘ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በሠራዊቱና በዚህ ኃይል መካከል የፈነዳው ጦርነት የሥልጣን ሽኩቻ መሆኑ ባይካድም፣ ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው የገቢ ምንጭ ባይኖራቸው ኖሮ ይህን ያህል ሊዘልቁበት መቻላቸው ያጠራጥራል። ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ በመተማና በኩርሙክ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የተሰደዱትም የዚህ መከራ ተካፋዮች ናቸው።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የኢኮኖሚ ምክንያት ነበረው?

ብቸኛው ምክንያት ኢኮኖሚ አልነበረም፤ ነገር ግን መንገዱን የጠረገው አንዱ እርሱ ነው። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነጻነቷን ስታውጅ ሁለቱ አገሮች በብር መገበያየታቸውን ቀጠሉ፤ ኢትዮጵያም በአሰብ ወደብ ትጠቀም ነበር። በኅዳር 1997 እ.ኤ.አ. ኤርትራ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን አውጥታ ከብር ጋር እኩል እንዲመነዘር ፈለገች። ኢትዮጵያ አልተቀበለችም፤ አነስተኛ ከሆነው የድንበር ንግድ በስተቀር ግብይቱ በባንክ ሌተር ኦፍ ክሬዲት (ባንክ ለሻጩ በሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) እና በውጭ ምንዛሬ እንዲሆን ወሰነች። ከዚያ በኋላ ለዘመናት እህል ከትግራይ ወደ ኤርትራ፣ ጨውና የፋብሪካ ሸቀጥ ደግሞ በተቃራኒው ሲመላለሱበት የነበረው ንግድ ታነቀ። ግንቦት 1998 እ.ኤ.አ. በባድመ የተጀመረው ውጊያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፎ በታኅሣሥ 2000 የአልጀርስ ስምምነት ተፈረመ። አሰብ ያለ ደንበኛ ቀረ፤ የኢትዮጵያ ጭነት በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ወደ ጅቡቲ ዞረ።

ከጦርነቱ ይልቅ የሚያስቆጨው በ2018 እ.ኤ.አ. የሆነው ነው። መስከረም 11 ቀን 2018 በዛላምበሳና በቡሬ በኩል ድንበሩ ተከፍቶ ሃያ ዓመት የተለያዩ ቤተሰቦች ሲተቃቀፉ፣ የትግራይ ነጋዴ ጤፍና የግንባታ ዕቃ ጭኖ አሥመራ ሲገባ ዓለም ሁሉ አይቷል። ይሁንና የጉምሩክ ሥርዓት፣ የምንዛሬ ስምምነት፣ የተሽከርካሪ ፈቃድና የወደብ ውል አልተፈረመም፤ ከተፈረመም ለሕዝብ አልተገለጸም። በጥቂት ወራት ውስጥ መተላለፊያዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። በመሪዎች መልካም ፈቃድ ብቻ የተከፈተ ገበያ በዚያው ፈቃድ ይዘጋል፤ በድንበሩ ወዲያና ወዲህ የሚኖረው ሕዝብ ግን ጥቅሙን ቀምሶ ስለነበር ያጣው ከፊቱ የከፋ ሆነበት።

በአንድ ወደብ መደገፍ የጸጥታ አደጋ ነው?

አደጋም ነው፣ የሰላም ዋስትናም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው መደጋገፉ የሁለት ወገን መሆኑ ነው። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ያልፋል። ነዳጁም፣ ማዳበሪያውም፣ የእርዳታ ስንዴውም የሚመጣው በዚያው ነው። ይህ ግንኙነት ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ የፈረንሣዮቹ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል፤ ድሬዳዋም የተወለደችው ከዚያ ሐዲድ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ወረራ ወቅት ባቡሩ ሲቋረጥ አገሪቱ ወደ አሰብ ዞረች፤ በ1990 ዓ.ም. አሰብ ሲዘጋ ተመልሳ ወደ ጅቡቲ መጣች። ሁለት ጊዜ አማራጭ ስለነበራት ተርፋለች።

ዛሬ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራውን ጀምሯል፤ ይሁንና አብዛኛው ጭነት አሁንም በጋላፊ መንገድ በሚመላለሱ የከባድ መኪና ሹፌሮች ትከሻ ላይ ነው። ጅቡቲ በበኩሏ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ትገዛለች፤ ከሶማሌ ክልል የከርሰ ምድር ውኃ በቧንቧ ይሄድላታል፤ አትክልትና ጫትም በየቀኑ ይገባላታል። የወደቧ ዋና ደንበኛም ኢትዮጵያ ናት። የአንዷ መጎዳት ለሌላዋ ኪሳራ ስለሚሆን በሁለቱ መካከል የተነሱ አለመግባባቶች እስካሁን በድርድር አልፈዋል።

አደጋው የሚመጣው ከሁለቱ ውጭ ነው። ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየመን ሑቲዎች በቀይ ባሕር በሚያልፉ መርከቦች ላይ ጥቃት ሲከፍቱ ብዙ የመርከብ ድርጅቶች መንገዳቸውን በደቡብ አፍሪካ ዙሪያ አደረጉ፤ የኢንሹራንስና የማጓጓዣ ወጪ ጨመረ፤ ያ ወጪ መርካቶ ላይ በዘይትና በመለዋወጫ ዋጋ ይታያል። ኢትዮጵያ ሌላ መውጫ መፈለጓ ተገቢ ነው። አፈላለጉ ግን የጎረቤትን ስጋት ካላገናዘበ ራሱ የውጥረት ምንጭ ይሆናል። ጥር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ከሞቃዲሾ ጋር የፈጠረው ቀውስ በታኅሣሥ ወር በአንካራ ስምምነት እስኪረግብ ድረስ አካባቢው አንድ ዓመት ሙሉ በስጋት ሰንብቷል።

የኤሌክትሪክ ሽያጭ አገሮችን ያቀራርባል?

በልኩ ያቀራርባል። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ግንባታ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው፣ በአብዛኛው በአገር ውስጥ ገንዘብ፣ በቦንድና በሕዝብ መዋጮ የተሠራ ሥራ ነበር። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መስመር ከ2022 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ጀምሮ ኃይል ያደርሳል። ኬንያ ለዚህ ኃይል የገባችው ውል የረጅም ጊዜ ነው፤ የሚጠቅመውም ይኸው ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱ መንግሥታት ከምርጫ ምርጫ የማይለዋወጥ የጋራ ጉዳይ ይኖራቸዋል። ከግብፅ ጋር ያለው ግን ሌላ ነው። ለካይሮ ጥያቄው የኤሌክትሪክ ሳይሆን የውኃ ዋስትና ስለሆነ፣ በድርቅ ዓመታት ስለሚለቀቀው ውኃ መጠን አሳሪ ስምምነት እስካልተደረሰ ድረስ የሽያጭ ተስፋ ብቻውን ስጋቱን አያነሳም።

የድንበር ንግድ ኮንትሮባንድ ነው ወይስ የሕዝብ ኑሮ?

ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ነው፤ ለዚህም ነው በአንድ መመሪያ ሊገዛ የማይችለው። የሞያሌ፣ የቶጎ ውጫሌ ወይም የመተማ ነዋሪ ከድንበሩ ማዶ ዘመድ አለው፤ ስኳር፣ ዘይት፣ ልብስና ሩዝ ከዚያ ይገዛል፤ ከብት፣ ሰብልና ቡና ወደዚያ ይሸጣል። የሶማሌ ክልል አርብቶ አደር በግና ፍየሉን ለዘመናት በበርበራ በኩል ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሲልክ የኖረ ነው፤ ለእርሱ አዲስ አበባ ሩቅ ገበያ ናት። ሳዑዲ ዐረቢያ በመስከረም 2000 እ.ኤ.አ. የሪፍት ቫሊ ትኩሳት በሽታን ምክንያት አድርጋ ከአፍሪካ ቀንድ የሚገቡ እንስሳትን ስታግድ፣ እገዳው እስከ 2009 በመቆየቱ በሁለቱም ድንበር ያለው አርብቶ አደር ገቢው ወደቀ፤ ባሕር ማዶ የተሰጠ አንድ የጤና ውሳኔ እስከ ጅግጅጋና ደገሃቡር ገበያ ድረስ ዘለቀ።

በሌላ በኩል በዚያው መንገድ የጦር መሣሪያ፣ ነዳጅ፣ ወርቅና የሰው ዝውውር ያልፋል፤ መንግሥትም ቀረጡንና የውጭ ምንዛሬውን ያጣል። ስለዚህ ቁጥጥር አያስፈልግም ማለት አይቻልም። ችግሩ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ የሚጎዳው ማን እንደሆነ አለመመዘኑ ነው። ሦስት ፍየል የምታሻግር እናትና መሣሪያ የሚያሻግር ደላላ በአንድ ኬላ እኩል ሲታዩ፣ ደላላው ለኬላው ከፍሎ ያልፋል፤ እናትየዋ ግን ከብቷ ይወረስባታል። ኬላዎች ሲበዙ ደግሞ የዕቃው ዋጋ በየኬላው እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ክፍያው ደረሰኝ ከሌለው ከግብር ይልቅ ዝርፊያ ይሆናል፤ በሶማሊያ አልሸባብ በመንገዶች ላይ ከሚሰበስበው ገንዘብ ሠራዊቱን መቀለብ የቻለው ነጋዴው የመንግሥት ኬላም የእርሱም ኬላ ያው መክፈል እንደሆነ ስለሚያይ ጭምር ነው። በአነስተኛ መጠን ለሚደረግ የድንበር ንግድ የተፈቀደውን ጣሪያ ከዋጋ ንረቱ ጋር እያስተካከሉ ማስፋት፣ ከባድ ወንጀሉ ላይ የሚውለውን የቁጥጥር አቅም ያድናል።

ድርቅ ግጭትን የሚያባብሰው እንዴት ነው?

ከ2020 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ በቦረና፣ በሶማሌ ክልል፣ በሰሜን ኬንያና በሶማሊያ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሽፈዋል፤ በቦረና መንጋ ሙሉ ከብት በየሜዳው ወድቆ የታየበት ጊዜ ነበር። ለአርብቶ አደር ከብት የባንክ ሒሳቡ፣ ጥሎሹና ካሣው ነው፤ ስለዚህ ከብቱ ሲያልቅ ልጁ የሚዳርበትና ጠብ የሚታረቅበት ሥርዓት አብሮ ይላላል። የግጦሽ መሬትና ጉድጓድ ፍለጋ ወደ ጎረቤት ክልል መዝለቅ ይበዛል፤ ቀድሞ በአባ ገዳዎችና በሽማግሌዎች ስምምነት ይደረግ የነበረው እንግዳ አሰፋፈር አሁን የክልል ወሰንና የታጠቀ ኃይል ስለሚያቋርጠው የውኃው ጥያቄ በአንድ ጀንበር የወሰን ጥያቄ ይሆናል።

በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ከሠራቻቸው በጎ ሥራዎች አንዱ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በየዓመቱ ረሃብ ሲገባ ለምኖ ከማከፋፈል ይልቅ ሥር የሰደደ የምግብ ችግር ላለበት ቤተሰብ በእርከንና በመንገድ ሥራ ተሳትፎ በየጊዜው የታወቀ ገንዘብ ወይም እህል ማድረስ። ቤተሰቡ በሬውን ሳይሸጥ ክፉውን ወቅት ማለፍ ቻለ። ክፍያው ሲዘገይና ከዋጋ ንረቱ ጋር ሳይሄድ ሲቀር ግን በሬው መሸጡ አይቀርም፤ የበጀት መዘግየት በወረቀት ላይ ቀላል ቢመስልም ገጠር ሲደርስ የቤተሰብ መፍረስ ይሆናል።

ጦርነት በኢኮኖሚ ላይ፣ ኢኮኖሚው ደግሞ በወጣቱ ላይ ምን አደረሰ?

በኢትዮጵያ በየዓመቱ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ወጣት ሥራ ፈላጊ ይሆናል። ይህን ለመመለስ ከታቀዱት ውጥኖች አንዱ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነበር፤ አብዛኞቹ ሠራተኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። የሰሜኑ ጦርነት ሲቀጥል አሜሪካ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው፣ የአፍሪካ አገሮች ሸቀጥ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል አስወጣች፤ ደንበኞች ትዕዛዝ ሰረዙ፣ ከጦር ሜዳው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀው ሸሚዝ የሚሰፉ ልጆችም ሥራቸውን አጡ። በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ጦርነቱን አስቆመ እንጂ ዕዳውን አላነሳም፤ ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. የአንድ ቢሊዮን ዶላር ዩሮ ቦንዷን (በውጭ ገበያ በዶላር የሸጠችውን የብድር ሰነድ) 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። እርምጃው ለዓመታት የተጠራቀመውን የምንዛሬ መዛባት ለማስተካከል አስፈላጊ እንደነበር አምናለሁ፤ ቡና ላኪውና ከውጭ ገንዘብ የሚላክለት ቤተሰብ ተጠቅሟል። በቋሚ ደመወዝ የሚተዳደረው መምህር፣ ነርስና ፖሊስ ግን የመግዛት አቅሙ ተመናምኗል፤ በ1966 ዓ.ም. የሆነውን የሚያውቅ ሰው የእነዚህን ሰዎች ኑሮ አቅልሎ ሊያየው አይገባም።

አገር ውስጥ በር ሲጠብ ወጣቱ በኦቦክና በቦሳሶ በኩል ባሕር ተሻግሮ በጦርነት ላይ ባለችው የመን አልፎ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመግባት ይሞክራል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከአንድ መቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ስትመልስ ብዙዎቹ ያለ ጥሪት ወደተነሱበት ወረዳ ገቡ፤ የሄዱበት ምክንያት እንዳለ ስለጠበቃቸውም ከፊሎቹ በዚያው መንገድ ተመልሰው ወጡ። ሥራ ያጣ ወጣት ሁሉ ጠመንጃ ያነሳል ማለት ስድብ ነው፤ አብዛኛው የሚያነሳው ሻንጣውን ነው። ነገር ግን ለታጠቀ ኃይል አንድ ሺህ ወጣት ለመመልመል ከሚሊዮኖች መካከል ጥቂቱ ተስፋ መቁረጡ ይበቃል።

የሶማሊያ የባሕር ላይ ውንብድና የረሃብ ውጤት ነው?

በከፊል። መንግሥት በ1991 እ.ኤ.አ. ከፈረሰ በኋላ የውጭ መርከቦች በሶማሊያ ባሕር ያለ ፈቃድ ዓሣ ያጠምዱ ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ጥቃቶች የባሕር ጠባቂ ነን በሚሉ ዓሣ አጥማጆች ተፈጽመዋል። ቤዛው በሚሊዮን ዶላር ሲቆጠር ግን ሥራው ከአጥማጁ እጅ ወጥቶ ገንዘብ አውጪ፣ አደራዳሪና ጀልባ አቅራቢ ያለው ንግድ ሆነ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ጣሪያ ደርሶ በባሕር ኃይሎች ቅኝትና በመርከብ ላይ በተመደቡ ታጣቂዎች ምክንያት ቀነሰ። ዓሣው ስላልተመለሰ የተጎዳው አጥማጅ እንደተጎዳ ነው፤ ጠባቂዎቹ ትኩረታቸው ወደ ቀይ ባሕር ሲዞር በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጠለፋው ዳግም መታየቱ ለዚህ ነው።

በውጭ የሚኖር ሰው የሚልከው ገንዘብ በጸጥታ ላይ ምን ድርሻ አለው?

ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ፣ ከስቶክሆልም፣ ከዱባይና ከሪያድ የሚላከው ገንዘብ ለብዙ ቤተሰብ ከመንግሥት ድጋፍ ቀድሞ የሚደርስ ዋስትና ነው፤ ዝናብ ሲቀር፣ ሰው ሲታመም ወይም ሰፈር ሲፈናቀል ማንም ኮሚቴ ሳይሰበሰብ ይደርሳል። ይህ መስመር ሲቋረጥ የሚሆነው በሶማሊያ ታይቷል። አሜሪካ በኅዳር 2001 እ.ኤ.አ. አል በረካት የተባለውን የሐዋላ ድርጅት በሽብር ጠርጥራ ስትዘጋው በመላ አገሪቱ ገንዘብ ይደርሳቸው የነበሩ ቤተሰቦች ድንገት ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ የመስከረም 11 ጥቃትን የመረመረው የአሜሪካ ኮሚሽን በኋላ ድርጅቱ ለጥቃቱ ገንዘብ ማቅረቡን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም።

ገንዘቡ የሚላክበት መንገድም ለውጥ ያመጣል። በባንክ ሲገባ አገሪቱ መድኃኒትና ማዳበሪያ የምትገዛበት ምንዛሬ ይሆናል፤ በጥቁር ገበያ ሲገባ ዶላሩ ውጭ ይቀርና ብዙውን ጊዜ የኮንትሮባንዱን ንግድ ይደጉማል። በይፋዊውና በጥቁር ገበያው መካከል ያለው ልዩነት ሲጠብ ላኪው ባንኩን እንደሚመርጥ ከ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ በኋላ የታየ ሲሆን፣ ልዩነቱ እንደገና ሲሰፋ ምርጫውም ወዲያው ይለወጣል። ለግድቡ ቦንድ የገዛው፣ ለትውልድ ቀዬው ትምህርት ቤት ያሠራው ያው ማኅበረሰብ በጦርነት ጊዜ ለታጣቂዎች ገንዘብ የሚያዋጣበት ሁኔታም አለ፤ የሚያዋጣው ሰው ከውጊያው ርቆ ስለሚኖር ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ነው። ስለዚህ አንድ ላኪ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ተጨባጭ ናቸው፤ ገንዘቡ በየትኛው መስመር ይገባል፣ ተቀባዩ ለምን ያውለዋል፣ ተሰብስቦ የሚላክ ከሆነስ ሒሳቡን የሚያሳይ ማን ነው?